መንገድ በተዘጋ ጊዜ የምትታይ አገር

ሰው በተፈጥሮው ሩቅ ያለውን ይናፍቃል፤ በደጁ ያለውን ግን ሲወጣና ሲገባ እያየው ሳያየው ይኖራል። አበው በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል ብለው የተናገሩት ይህን ጠባያችንን መርምረው ነው። ወርቁ ከመዳብ የሚቈጠረው የያዘው ሰው ዓይን ስለ ለመደው ነው እንጂ ጥራቱ ጐድሎ አይደለም። ልማድ እንደ ጉም ነው፤ አገሩን ሳያጠፋ ይሸፍነዋል።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆን አገር ብንፈልግ ጋይንትን፥ ስማዳንና እስቴን የሚያህል በቀላሉ አናገኝም። በደቡብ ጎንደር በምሥራቅ በኩል ያሉት እነዚህ አገሮች ከጥንት ጀምሮ ስማቸው የሚነሣው በመተላለፊያነታቸው ነው። ከጎንደር ወደ ላስታ የሚሻገር፥ ከደብረ ታቦር ወደ ወሎ የሚወርድ፥ ሠራዊትም ቢሆን ነጋዴም ቢሆን ምድራቸውን ረግጦ አልፏል። ቆሞ ያያቸው ግን ጥቂት ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መንገድ ደጋግሞ ተዘጋ፤ መንገደኛው ቀረ፥ የአገሩም ሰው ከቀዬው ሳይርቅ ሰነበተ። እንዲህ ያለው ጊዜ የሚያመጣው መከራ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ያው ጊዜ መንገዱ የሸፈነውን አገር ደግሞ ይገልጣል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ የተገለጠውን እናይ ዘንድ፥ አይተንም እንጠብቀው ዘንድ ለማሳሰብ ነው።

አስቀድመን የምድሩን አቀማመጥ እንመልከት። በምዕራብ በኩል የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። በምሥራቅ በኩል የጨጨሆ በር አለ፤ ይኸውም በግራና በቀኝ ገደል ሆኖ ሸንተረሩ የሚጠብበት፥ በጌምድርን ከወሎ አገር ጋር እንደ ድልድይ የሚያገናኝ ስፍራ ነው። በደቡብ በኩል የስማዳና የእስቴ ምድር ከደጋው ወደ ወይና ደጋው፥ ከወይና ደጋውም ወደ ቈላው እየተቈረጠ ይወርድና በበሽሎና በዓባይ ሸለቆ ያበቃል። ነፋስ መውጫ፥ አርብ ገበያ፥ ወገዳና መካነ ኢየሱስ የሚባሉት ከተሞች በዚህ ምድር ላይ ተቀምጠዋል።

የጉናን ውኃ አካሄድ ያስተዋለ ሰው ከሁሉ ይልቅ ይደነቃል። በተራራው ላይ የሚወርደው ዝናም እንደ ርስት ይካፈላል። ርብና ጉማራ ከምዕራብ ወገን ተነሥተው ወደ ጣና ይገባሉ። በሰሜን ምሥራቅ ያለው ወደ ተከዜ ይወርዳል። በደቡብ ያለው ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይሄዳል። ጣና የገባው ውኃ ግን ከአገሩ ወጥቶ የቀረ አይደለም፤ በባሕር ዳር በኩል ከዓባይ ጋር ይወጣና ጎጃምን በስተ ምሥራቅ ሊዞር ሲጀምር መልሶ ከእስቴና ከስማዳ ገደል ሥር ያልፋል። ከጉና በምዕራብ የወረደ ጠብታ ባሕር ዞሮ፥ ፏፏቴ ወርዶ፥ ወደ ጉና አገር ደጅ ይመለሳል ማለት ነው። በስማዳ ዳር የሚቀመጥ እረኛ ከበታቹ የሚሰማው የውኃ ድምፅ ከፊሉ የራሱ ተራራ ልጅ ነው።

አገሩ መተላለፊያ ሆኖ መኖሩን ታሪክ ይመሰክራል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ በሄዱ ጊዜ፥ በጋፋት የተሠራውንና ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በጋይንት በኩል አስጐትተውታል። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይገመታል። እንዲህ ያለ ብረት የሚያሳልፍ መንገድ ስላልነበረ ንጉሠ ነገሥቱ ከሠራዊቱ ጋር በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ፥ ገደሉን እየናዱ፥ ጥርጊያውን እያበጁ ሄዱ። መቅደላ የደረሱት ከአምስት ወር በላይ ከደከሙ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ወራት የተጓዘ ሠራዊት ከጋይንት ያስተዋለው አቀበቱንና ቍልቍለቱን ይሆናል፤ ዓይኑ በመድፉ መንኰራኵር ላይ ነበርና።

ከ62 ዓመት በኋላም በ1922 ዓ.ም. የበጌምድር ገዢ ራስ ጉግሣ ወሌ ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ ወጥተው በበጌምድርና በወሎ ወሰን በአንቺም ሜዳ ከመንግሥት ጦር ጋር ተዋጉ፤ መጋቢት 22 ቀንም በዚያው ወደቁ። በዚህ ጦርነት ጊዜ የመንግሥት ኤሮፕላኖች በሰማይ እየበረሩ ወረቀትና ቦምብ ጥለዋል። በኋላም ቻይናውያን መሐንዲሶች ከወረታ እስከ ወልድያ የሚደርሰውን መንገድ ሠሩ፤ የአገሩም ሰው እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ ይለዋል። ይህ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ከጎንደርና ከባሕር ዳር ወደ ላሊበላ የሚጓዘው ጐብኚ በነፋስ መውጫ ሲደርስ ቡና ይጠጣል፥ ብርዱን ያማርራል፥ ወደ አውቶሞቢሉም ተመልሶ ይሄዳል። የከተማዪቱን ስም ትርጉም ቢጠይቅ ነፋስ የሚወጣባት ማለት እንደ ሆነ ይነገረዋል፤ እርሱም ነፋሱን ብቻ አውቆ ያልፋል።

በመንገደኛው አንፈርድም፤ መንገደኛ ነውና። የሚያሳዝነው ግን የአገሩ ልጅ ራሱ በመንገደኛው ዓይን ማየትን መልመዱ ነው። በነፋስ መውጫ የተማረ ወጣት የላሊበላን ዐሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት፥ የጎንደርን ግንብ፥ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ስም በቃሉ ይቈጥራል። ከቤቱ የግማሽ ቀን መንገድ ያለውን ደብር ሄደህ አይተሃል ወይ ቢባል ግን መልስ ያጣል። የሚታይ ነገር ሁሉ አውቶሞቢል ተሳፍረው ከሚደርሱበት እንጂ በእግር ከሚደርሱበት የሚገኝ አይመስለውም።

ከዚህ በኋላ ነው መንገዱ መዘጋት የጀመረው። በመጀመሪያ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን ገባ፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ፥ የሕዝብ ማመላለሻም ተገደበ። በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ በሚያዝያ 11 ቀን የዋለውንም የትንሣኤ በዓል ብዙ ምእመናን በየቤታቸው ሆነው አከበሩ። ቀጥሎ በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ጋይንት ደረሰ። ነፋስ መውጫ ከነሐሴ 6 እስከ ነሐሴ 15 ቀን በሕወሓት ተዋጊዎች እጅ ነበረች። በእነዚያ ቀናት በከተማዪቱ ሴቶች ላይ የተፈጸመውን ግፍ አምነስቲ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት የተጐጂዎቹን ቃል ተቀብሎ በ2014 ዓ.ም. ለዓለም አስታውቋል። ከዚህም በኋላ በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ስላለው ግጭት ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ዐሥር ወር ያህልም ጸና። ዐዋጁ ካለፈ በኋላም ቢሆን ተኩስ በተሰማ ቍጥር ተጓዥ የወጣበት ሳይደርስ የሚመለስበት፥ መንገድም የሚዘጋበት ጊዜ አልጠፋም።

ይህን ስናነሣ በሐዘን ነው። ቤቱ የተቃጠለበት፥ ልጁ የሞተበት፥ በሽተኛውን ወደ ሐኪም ማድረስ ያልቻለ ሰው ባለበት አገር፥ ተራራ ተመልከቱ፥ ደብር ጐብኙ ማለት የጥጋብ ቃል እንዳይመስል እንፈራለን። ነገር ግን ሰው በታገደ ጊዜ ልቡም አብሮ እንዳይታገድ የሚያደርገው ነገር ምን እንደ ሆነ መመርመር የጥጋብ ሥራ አይደለም፤ እንዲያውም የታገዱ ሰዎች በየዘመናቸው ሲሠሩት የኖሩት ነው።

ከእነዚህም አንዳንዶቹን እንጥቀስ። ዣቪዬ ደ ሜስትር የተባለ የሳቮይ ተወላጅ የጦር መኰንን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1790 ከሌላ ሰው ጋር ስለ ተዋጋ በቱሪን ከተማ 42 ቀን ከቤቱ እንዳይወጣ ተፈረደበት። እርሱም በገዛ ክፍሉ ውስጥ እንደ መንገደኛ እየተዘዋወረ ወንበሩን፥ አልጋውንና በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል እንደ ሩቅ አገር መረመረ፤ የክፍሉንም ጕዞ በ42 ምዕራፍ ጽፎ በ1794 አሳተመ። በአገራችንም የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ የነበረው ሆርሙዝድ ራሳም ከበሽሎ ማዶ በመቅደላ አምባ ሁለት ዓመት ያህል በታሰረ ጊዜ፥ እግሩ በሰንሰለት ሳለ በአምባው ላይ የአትክልት ስፍራ አበጅቶ ነበር። ሰንሰለቱ ርምጃውን አሳጠረበት፤ ከእግሩ ሥር ያለችውን አፈር ግን ወደ እርሱ አቀረበለት።

የነገሥታት ልጆች በአምባ ተጠብቀው የሚኖሩበት የአገራችን ሥርዓትም የታወቀ ነው። አስቀድሞ በአምባ ግሼን፥ በኋላም በጎንደር ነገሥታት ዘመን በወህኒ አምባ ነበር። የዚህ ወሬ በመጻሕፍት እየተላለፈ ኤውሮፓ ከደረሰ በኋላ፥ ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1759 የራስላስን ታሪክ ጻፈበት፤ ሲራክ ኅሩይም ወደ አማርኛ መልሰውታል። በዚያ መጽሐፍ ልዑሉ ሁሉ በሞላበት ሸለቆ ተዘግቶ ይኖራል፤ መውጣትንም ይመኛል። ከወጣ በኋላ ግን ብዙ አገር ዞሮ ሲያበቃ የፈለገውን ፍጹም ደስታ በአንዱም ስፍራ አያገኘውም።

ወደ ጋይንት የሚመልሰን ይኸው መጽሐፍ ነው። ቶማስ ፓኬንሃም የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1955 ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ የራስላስን ተራራ እፈልጋለሁ ብሎ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ወህኒ አምባንም ሊያይ በበጌምድር ተዘዋወረ። በዚህ ጕዞው ጋይንት ወዳለው ወደ ቤተልሔም ደብር ደረሰ። ከውጭ ሲመለከተው በአገራችን ሁሉ እንደሚታየው ክብ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ነበር። ወደ ውስጥ በገባ ጊዜ ግን ክብ በሆነው ቤት ውስጥ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ አገኘ። ይህም ባለ አራት ማዕዘን ሆኖ፥ በተጠረበ ድንጋይና በእንጨት እንደ ቀደሙት የአክሱም ሊቃውንት አሠራር የታነጸ ነው። ይህን በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ ለውጭ አገር ሰዎች አስታወቀ፤ ከዚያም ወዲህ የሕንፃ ታሪክ ተመራማሪዎች ቤተልሔምን በጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት መካከል ይጠሯታል።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስተውል። እንግዳው አገኘሁ ያለውን የቤተልሔም ካህናት መቼም አጥተውት አያውቁም፤ በዚያ ሲቀድሱ፥ ሲያጥኑ፥ ማሕሌት ሲቆሙ ኖረዋል። እርሱ ግን የራስላስን ተራራ ሲፈልግ ስለ ነበር በዓይኑ ጥያቄ ይዞ ገባ። ጥያቄ ይዞ የገባ ሰውም ሣሩን አልፎ ድንጋዩን አየ። በቅኔ ቤት እንደምንማረው ሰሙ የውጩ ነው፥ ወርቁ የውስጡ ነው፤ ሰሙን ያልገለጠ ሰው ከወርቁ አይደርስም። ቤተልሔም በሕንፃዋ ራስዋ ቅኔ ናት፤ የሣሩ ክዳን ሰም፥ የድንጋዩ መቅደስ ወርቅ። የደብሩ ካህናት ወርቁን ይዘው ሲጠብቁ ኖሩ፤ እኛ የሩቆቹ የገዛ አገራችንን ቅኔ ፍቺ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ማንበባችን ሊያስገርመን ይገባል።

የቤተልሔም ክብር ደግሞ በሕንፃዋ ብቻ አይፈጸምም። ቤተልሔም የእንጀራ ቤት ማለት እንደ ሆነ፥ በየደብሩም የመሥዋዕቱ ኅብስት የሚዘጋጅባት ቤት በዚህ ስም እንደምትጠራ ካህናት ሁሉ ያውቃሉ። የጋይንቷም ቤተልሔም ለዜማ እንዲሁ የእንጀራ ቤት ናት። ድጓ ተምሬ አስመሰከርሁ የሚል መምህር ስሙ የሚከበረው በቤተልሔም ሲያስመሰክር ነው፤ የቤተልሔም ዜማ የሚባለውም ስልት ስሙን ያገኘው ከዚህች ደብር ነው። ከጎጃም፥ ከሸዋ፥ ከትግራይ፥ ከወሎ ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ ይዞ የሚመጣው ተማሪ በየመንደሩ ስለ እግዚአብሔር ብሎ እየለመነ፥ ለዓመታት ድጓውን ያጠና ነበር። ሥጋው ቍራሽ ሲለምን ነፍሱ ከእንጀራው ቤት ትመገባለች።

ከዚያው ከጋይንት ሳንወጣ ዙር አምባ የሚባለውን ቅዱስ ስፍራ እናገኛለን። ቅዱስ ያሬድ ወደዚህ አምባ መጥቶ ዝማሬን እንደ ደረሰ አበው ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚያስመሰክሩበትም ጉባኤ ይህ ነው። ዝማሬ በቍርባን ጊዜ የሚዘመር ሲሆን ኅብስት፥ ጽዋዕ፥ መንፈስ፥ አኰቴት፥ ምሥጢር ተብሎ በአምስት ይከፈላል። መዋሥዕት ደግሞ ይልቁንም ለሙታን ጸሎት የሚደርስ ዜማ ነው። በእስቴም ወገን ቆማ ፋሲለደስ አለ፤ ስሙም በዜማ ስልት ስም ሆኖ በሊቃውንት አፍ ይጠራል። እንግዲህ በእነዚህ አገሮች ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሦስት ታላላቅ ቤቶች በእግር በሚደረስ ርቀት ተቀራርበው ይገኛሉ ማለት ነው። በኢትዮጵያ ምድር እንዲህ ያለ ሀብት በአንድ አካባቢ የተሰበሰበበት ስፍራ ብዙ አይደለም።

ከስማዳ ዳር ቆሞ በሽሎን ተሻግሮ ወደ ሳይንት አቅጣጫ የሚመለከት ሰው ደግሞ ሌላ ምሥጢር ያገኛል። ከዚያ ማዶ ባለው አገር ተድባበ ማርያም አለች። የድጓን ምልክት እንደ ሠሩ የሚነገርላቸው አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በዚያች ደብር የነበሩ ሊቃውንት ናቸው። ከወዲህ ማዶ ድጓ ይመሰከራል፤ በወዲያ ማዶ የድጓው ምልክት ተሠራ። በመካከል ያለው ሸለቆ ለዓይን ጥልቅ ገደል ነው፤ ለታሪክ ግን እንደ መጽሐፍ ሁለት ገጽ ነው፥ አንዱን ያነበበ ሌላውን ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ ለማየት ምን ያስፈልጋል ብንል፥ ሥርዓቱ በራሳችን ትምህርት ቤት አለ። የቅኔ ተማሪ መምህሩ ቅኔ ከነገሩት በኋላ ቅኔ ሊቈጥር ከጉባኤው ተለይቶ ይወጣል። ሩቅ አገር አይሄድም፤ በአጥር ጥግ፥ በዛፍ ሥር፥ በወንዝ ዳር ይቀመጣል። ንቡ ከአበባ አበባ ሲዘዋወር፥ ገበሬው ሲያርስ፥ እሳት ገለባ ሲበላ ይመለከታል። ከዚያም ከሚያየው ነገር ሰም ያበጃል፥ ከሚያውቀው ታሪክ ወርቅ ያወጣል። በመጀመሪያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ይቈጥራል፤ ቀጥሎ ሦስት ቤት ያላትን ዘአምላኪየ፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። በአንዲት ወንዝ ዳር ዓመት ቢቀመጥ ወንዟ አታልቅበትም። ሊቃውንቶቻችን በዓለም ሁሉ ሳይዞሩ ዓለምን ሁሉ የተናገሩት በዚህ ትምህርት ነው።

እንዲሁም የከተማ ሰው በእግሩ ወደ ጉና ቢወጣ የሚቈጥረው አያጣም። ከገብሱና ከድንቹ እርሻ በላይ አስታው ይጀምራል፤ ከአስታው በላይ ጓሳው ምድሩን ይሸፍናል፤ ጅብራውም እንደ ቆመ መነኵሴ ብቻውን በብርድ ውስጥ ይታያል። ሌሊት ውርጭ፥ ቀን ፀሐይ የሚፈራረቅበት ያ ተክል ለብዙ ዓመት በትዕግሥት ያድግና አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። ይህን አይቶ የአንድ ሊቅ ዕድሜ ትዝ የማይለው ማን ነው? በገደሉም አፋፍ የጭላዳ መንጋ ሣር እየነጨ ይታያል፤ ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዱር የሚኖርበት አገር የለውም። የሩቅ አገር ሰዎች ባሕር ተሻግረው የሚያዩትን የጋይንት እረኛ በየቀኑ በወንጭፍ ከእርሻው ያባርረዋል።

የማየት ጥቅም ዓይንን ማስደሰት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍን ነበር። ዋናው ነገር ያላዩትን ነገር የሚጠብቅ አለመኖሩ ነው። የአንድ ደብር ክዳን ሲያፈስስ በመጀመሪያ የሚያየው የቅርብ ሰው ነው፤ የቅርቡ ሰው ካላየው ዝናሙ ከግድግዳው ሥዕል ደርሶ ቀለሙን ያጥባል፥ ብራናውንም ያበሰብሳል። አንድ መጽሐፍ ከዕቃ ቤት ቢጠፋ መጥፋቱን የሚያውቀው መኖሩን ያወቀ ብቻ ነው። ጉባኤውም እንዲሁ ነው። ተማሪ ከሩቅ የሚመጣበት መንገድ ሲዘጋ ወንበሩ የሚሳሳ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ የአካባቢው ልጅ ካልተተካ መምህሩ ያለ ተማሪ ያረጃል፥ በቃሉ ያለውም ዜማ ከእርሱ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል። በብራና ላይ የተጻፈ ምልክት ዜማውን ያስታውሳል እንጂ ከአፍ ወደ ጆሮ ያልተላለፈውን አያስተምርም። ከዙር አምባ በግማሽ ቀን መንገድ የሚኖር ሕፃን የዝማሬን ድምፅ ሳይሰማ ቢያድግ፥ ለእርሱ ዙር አምባ ከኢየሩሳሌም ይልቅ ሩቅ ሆነች ማለት ነው።

ስለዚህ መንገድ በተዘጋ ጊዜም ሆነ በተከፈተ ጊዜ ልናደርገው የምንችለውን ጥቂት ነገር እናመልክት። የየደብሩ ካህናት ከሰንበት ቅዳሴ በኋላ የመንደሩን ሕፃናት ይዘው ቤተ ክርስቲያኑን ከውጭ እስከ ቅኔ ማሕሌቱ ዞረው ያሳዩአቸው፤ ይህ ሥዕል የማን ነው፥ ይህን ደወል ማን ሰጠው፥ ይህ ዛፍ ስንት ዘመን አለው እያሉ ይንገሩአቸው። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራንም የታሪክን ትምህርት ከአክሱም ከመጀመራቸው በፊት ወይም ከጀመሩ በኋላ አንድ ቀን ተማሪዎቻቸውን በእግር ወደሚደረስበት ደብር ወይም አምባ ይምሯቸው። ጽሕፈት የሚያውቅ የከተማ ሰው ደግሞ የአካባቢውን ወንዝ፥ ምንጭ፥ አምባና ገደል ስም ከነትርጉሙ ከሽማግሌዎች እየጠየቀ በደብተር ይጻፍ። ስም የመጀመሪያው ታሪክ ነው፤ ስሙ የጠፋ ስፍራ ታሪኩ ይጠፋል። ነገር ግን ይህ ሁሉ በምክር ይሁን። ሰላም በሌለበት ሰሞን ሽማግሌ ሳይጠይቁ ወደማያውቁት ሸለቆ መውረድ ድፍረት ነው እንጂ ጕብኝት አይባልም፤ በዚያን ጊዜ የግቢውን ዛፍና የደጁን ምንጭ ማየት ይበቃል።

የተዘጋ መንገድ ይከፈት ዘንድ ሁላችንም እንጸልያለን። ነጋዴው ይነግድ፥ በሽተኛው ሐኪም ያግኝ፥ ተማሪው ከጎጃምና ከሸዋ ወደ ቤተልሔም ይምጣ፥ እንግዳውም ወደ ላሊበላ ይለፍ። የተከፈተ ዕለት ግን አንድ ነገር ተለውጦ ሊገኝ ይገባል። መንገደኛው በነፋስ መውጫ ወርዶ፥ ቡናውን ይዞ፥ በዚህ አገር ምን አለ ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ፥ ቡና የምታቀርበው ልጅ የጉና ውኃ በጣና ዞሮ በስማዳ ሥር እንደሚመለስ፥ በቤተልሔም የሣር ክዳን ውስጥ የድንጋይ መቅደስ እንዳለ፥ በዙር አምባ ዝማሬ እንደሚመሰከር ልትነግረው ትችላለችን? መልስ ካላት፥ እነዚያ የመከራ ወራት ከሁሉ ክፋታቸው ጋር አንድ ነገር ትተውልን አልፈዋል። መልስ ከሌላት ግን መንገዱ ተከፈተ እንጂ አገሩ ገና አልተከፈተም።